የናፍጣ ሞተር ሳይጠፋ ውቅያኖስ ያቋርጣል ወይ? ለገላኑ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «ገላን ውስጥ የጄኔሬተርና የከባድ መኪና ሞተር እጠግናለሁ። ካናሪ ደሴቶች ውስጥ ላስ ፓልማስ ወደብ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ፣ ቀድሞ ዓሣ ማጥመጃ የነበረና አሁን ለረጅም ጉዞ የተለወጠ 24 ሜትር ትሮለር (መረብ ጎታች መርከብ) መካኒክ እንደሚፈልግ ነገረኝ። መርከቡ ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ ካሪቢያን ውስጥ እስካለችው ሴንት ሉሲያ 2,700 የባሕር ማይል ያህል የትም ሳይቆም ይጓዛል ይላሉ። ሞተሩ እኔ የማውቀው ከሚንስ ኤንቲ 855 ነው፤ ታንኮቹ በድምሩ 12,000 ሊትር ይይዛሉ። እኛ እዚህ ጄኔሬተር ሁለት ቀን ሳይጠፋ ከሠራ እንጨነቃለን። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይጠፋ ይሠራል የሚሉኝ እውነት ነው? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

የተከበሩ ጠያቂ፤ የነገሩዎት እውነት ነው። በወጉ የተያዘ የናፍጣ ሞተር ሁለትና ሦስት ሳምንት ሌት ተቀን ይሠራል፤ የጭነት መርከቦችም ሆኑ ርቀው የሚያጠምዱ ትሮለሮች የሚኖሩት በዚሁ ነው። ሆኖም ዕድሜውን በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ እንዳሳለፈ ሰው ስናገር፣ ሥጋትዎ ያረፈው ከሁሉ ይልቅ በሚታመነው ዕቃ ላይ ይመስለኛል። በእንዲህ ያለ ጉዞ ሞተሩ ደክሞት የቆመ መርከብ ብዙ አይታይም። የሚበዛው ናፍጣው ቆሽሾ ወይም አልቆ የቆመው ነው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ መርከቡ ራሱ ሚዛኑን ስቶ የሚገለበጥበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ስለ ሞተሩ የሚገባውን ያህል ተናግሬ፣ አብዛኛውን ምላሼን ለናፍጣው እሰጣለሁ።

ገላን ውስጥ በየፋብሪካው በሚጠግኗቸው ጄኔሬተሮች ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያስታውሱ። ብዙውን ጊዜ «ስታንድባይ» እና «ፕራይም» የሚሉ ሁለት የኃይል ቁጥሮች ተጽፈውበታል። የመጀመሪያው መብራት በጠፋበት ሰዓት ብቻ እንዲወሰድ የተፈቀደ ከፍተኛ ኃይል ነው፤ ሁለተኛው ጄኔሬተሩ ዋና የኃይል ምንጭ ሆኖ ሲሠራ የሚወሰድ ዝቅ ያለ ኃይል ነው። ብዙ ድርጅቶች ግን ጄኔሬተሩን በመጀመሪያው ቁጥር ይገዙና እንደ ዋና የኃይል ምንጭ ቀንና ሌሊት ያሠሩታል። በሁለተኛው ቀን የምትጨነቁት ስለዚህ ነው፤ መጨነቃችሁም ትክክል ነው። ለሥራ መርከብ የሚዘጋጀው ሞተር ከዚያው ብሎክ፣ ከዚያው 14 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ቢወጣም፣ ዝቅ ባለ ኃይልና ዝቅ ባለ ዙር ያለማቋረጥ እንዲሠራ ተብሎ የተስተካከለ ነው። ካሚቻን (የሲሊንደሩን ልባስ) እና ፋሻን (የፒስተኑን ቀለበት) በይበልጥ የሚበሉት በብርድ መነሣት፣ ደጋግሞ መጋልና መቀዝቀዝ፣ አቧራና ቆሻሻ ናፍጣ ናቸው። በውቅያኖስ መካከል አቧራ የለም፤ ጭነቱም ከሰዓት ሰዓት አንድ ዓይነት ስለሆነ የማቀዝቀዣው ውሃ ሙቀት አይዋዥቅም። ለሞተር ከዚህ የተሻለ ኑሮ የለም ብል አላጋነንኩም።

ይሁንና ዓይንዎን እንደገና ማለማመድ ይኖርብዎታል። ገላን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጎድላል። ሞተር ሲጫን ጥቁር ጭስ ቢያወጣ «ከፍታው ነው» እያልን ማለፍ የለመድነው በዚህ ምክንያት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ምክንያት የለም። እዚያ ጥቁር ጭስ ካዩ ወይ ፕሮፔለሩ ላይ ገመድ ተጠምጥሟል፣ ወይ የመርከቡ ሆድ በአረምና በዛጎል ተሸፍኗል፣ ወይ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይ ደግሞ ካፒቴኑ ከሚገባው በላይ እየነዳ ነው። በየፈረቃው ወጥቶ የጭስ ማውጫውን አፍ ማየት ከማናቸውም ጌጅ የማይተናነስ ጥቅም አለው።

አሁን ወደ ናፍጣው ልግባ። ከባድ መርከብ ሲሄድ ውሃውን እየገፋ ማዕበል ይሠራል፤ ፍጥነቱ በጨመረ መጠንም ማዕበሉ ይረዝማል። የማዕበሉ ርዝመት ከመርከቡ ርዝመት ጋር ሲተካከል መርከቡ ከፊቱና ከኋላው በሠራቸው ሁለት ጉብታዎች መካከል ተይዞ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ናፍጣ በአብዛኛው የሚያልቀው የፊተኛውን ጉብታ ለመውጣት በሚደረግ ትግል ነው። ይህንን ወሰን በግምት ለማወቅ፣ መርከቡ ውሃው ላይ ያረፈበትን ርዝመት በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ2.43 ማባዛት ይበቃል። የእርስዎ ትሮለር በውሃው መስመር ላይ 22 ሜትር ያህል ቢሆን ወሰኑ 11.4 ኖት ገደማ ይሆናል። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ነው። ከዚህ ወሰን በታች እንኳ በሰዓት የሚቃጠለው ናፍጣ ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር፣ በማይል የሚቃጠለው ደግሞ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ተቀራርቦ ያድጋል። የረጅም ርቀት የባሕር ጉዞ ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህች ዝምድና ላይ ስለሆነ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው አብረውኝ ያስሉ።

ይህን የሚያህል መርከብ በ8 ኖት ሲጓዝ በሰዓት 30 ሊትር ያቃጥላል እንበል። ለመጠኑ የሚቀራረብ ግምት ነው፤ እውነተኛውን ቁጥር ግን ከራሱ ከመርከቡ መዝገብ መጠየቅ አለብዎት። ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለውሃ ማጣሪያ የምትሠራው ትንሿ ጄኔሬተር በሰዓት 3 ሊትር ትጨምር። በ8 ኖት 2,700 ማይል ለመጨረስ 338 ሰዓት ያህል፣ ማለትም 14 ቀን ይፈጃል፤ ዋናው ሞተር 10,125 ሊትር፣ ጄኔሬተሯ 1,010 ሊትር ያህል ይወስዳሉ። ከ12,000ው ሊትር የሚተርፈው 860 ገደማ፣ በመቶኛ ሲሰላ 7 ብቻ ነው። ከታንኩ ሥር የማይቀዳውን ዝቃጭ ከዚህ ላይ ሲቀንሱ በእጅ የሚቀረው ከምንም አይቆጠርም።

በ10 ኖት ቢነዱትስ? የሰዓቱ ፍጆታ ወደ 59 ሊትር ይዘልላል። መርከቡ 1,950 ማይል ገደማ ሲደርስ ታንኩ ባዶ ይሆንና፣ ሴንት ሉሲያ ገና 750 ማይል ስትቀር በባዶ ውቅያኖስ ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። በ7 ኖት ግን ፍጆታው በሰዓት ወደ 20 ሊትር ይወርዳል፤ ጉዞው 16 ቀን ይፈጃል፤ የጄኔሬተሯን ጨምሮ 8,900 ሊትር ያህል ይበቃል፤ ከሩብ በላይ የሚሆነው ናፍጣ ተርፎ ወደብ ይገባል። ከ8 ወደ 7 ኖት መውረድ ያስከፈለው ሁለት ቀን ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ስለዚህ ለካፒቴኑ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «በስንት ኖት ልትሄዱ አስባችኋል?» የሚል ይሁን። «እንደ ሁኔታው» የሚል ካፒቴን አልተዘጋጀም። «በሰባት እንነሣለን፣ ግማሽ መንገድ ላይ የተረፈንን አይተን እንወስናለን» የሚል ካፒቴን ሥራውን ያውቃል።

ትልልቆቹም መርከቦች ከዚህ ሕግ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ወዲህ የኮንቴይነር መርከብ ድርጅቶች ከ24 ኖት በላይ ይነዷቸው የነበሩትን መርከቦች ወደ 20 ኖትና ከዚያም በታች ያወረዷቸው የነዳጁ ሒሳብ ስላስገደዳቸው ነው። በትንንሽ መርከቦችም ታሪኩ ረጅም ነው። ገና እ.ኤ.አ. በ1902 «አቢኤል አቦት ሎው» የተባለች 38 ጫማ ጀልባ በኬሮሲን ሞተር ከኒው ዮርክ ተነሥታ እንግሊዝ አገር ፋልማውዝ ገብታለች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ካፒቴን የነበሩት ሮበርት ቢብ ደግሞ «ፓሴጅሜከር» ያሏትን 50 ጫማ ባለናፍጣ ጀልባ ሲንጋፖር ውስጥ አሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሕንድ ውቅያኖስና በእኛው ደጅ በባብ ኤል መንደብ አልፈው ግሪክ ደርሰዋል። የእኒህ ሰው ትልቅ ውለታ፣ መጠነኛ ጀልባ በዝግታ ከተነዳ ውቅያኖስ እንደሚያቋርጥ በስሌትም በተግባርም ማሳየታቸው ነው።

የናፍጣውን ሒሳብ በየቀኑ የሚከታተሉበት ዘዴ ቀላል ነው፤ በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ ይህ ሥራ የመካኒኩ ስለሚሆን ከአሁኑ ይወቁት። በካሬ ወረቀት ላይ በአግድሙ የተጓዙትን ማይል፣ በቁሙ የቀረውን ሊትር ያስፍሩ። ከሙሉው ታንክ ተነሥቶ መድረሻው ላይ በመጠባበቂያው መጠን የሚያርፍ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ እኔ ከ20 በመቶ በታች መጠባበቂያ ይዞ መነሣትን አልመክርም። ከዚያ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ታንኮቹን ለክተው ነጥብ ያኑሩ። ነጥቡ ከመስመሩ በላይ ካረፈ ደህና ነው፤ በታች ካረፈ በዚያው ቀን ፍጥነት ይቀነሳል። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ኖት መቀነስ ለሚያድነው ጉዞ፣ በአሥረኛው ቀን ሁለት ኖት መቀነስ ላያድነው ይችላል። የፍጆታ መለኪያ ሜትር ቢኖርም እርሱን ብቻ አይመኑ፤ በታንኩ ጎን የቆመችው ግልጽ ቱቦ አትዋሽም፣ መርከቡ ሲናወጥ ግን የናፍጣው ልክ ከፍና ዝቅ ስለሚል ደጋግሞ አይቶ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ኤንቲ 855ትን የሚመለከት አንድ የተለየ ነገር አለ። አንድ ሊትር ናፍጣ በደህና ሞተር ውስጥ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይሰጣል፤ በሰዓት 20 ሊትር ማለት እንግዲህ 80 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ይህ ለዚያ ሞተር በጣም ቀላል ጭነት ነው። ትሮለር ትልቅ ሞተር የሚገጠምለት ከባድ መረብ ስለሚጎትት ነበር፤ መረቡ ከወረደለት በኋላ ሞተሩ ሥራ ፈትቷል ማለት ይቻላል። በዝቅተኛ ጭነት ለቀናት የቆየ ሞተር ካሚቻው እየለሰለሰ፣ ዘይት እየበላ፣ ያልተቃጠለ ናፍጣና ዘይት በጭስ ማውጫው እያንጠባጠበ እንደሚሄድ ጄኔሬተር ላይ አይተውታል። መድኃኒቱ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ጭነቱን ከፍ አድርጎ ማቃጠል ነው፤ የናፍጣ ሒሳቡ ውስጥም ይህች ሰዓት ታስባ መግባት አለባት። የዘይት ነገርም አለ። በ250 ሰዓት ዘይት መቀየር የለመዱ ከሆነ የ7 ኖቱ ጉዞ 386 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ሰርቪሱ የሚደርሰው ውቅያኖሱ መካከል ነው። ባሕሩ ረጋ ያለበትን ቀን መርጦ፣ በብርሃን፣ ዘይቱና ፊልትሮው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መቀየር የተለመደ ሥራ ስለሆነ አያስደንግጥዎት።

ወደ ቆሻሻው ናፍጣ ልምጣ፤ አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው። መርከቡ ወደብ ላይ ለወራት ቆሞ ከሆነ፣ በታንኮቹ ሥር ውሃና ዝቃጭ ተኝቷል ብለው ይነሡ። ላስ ፓልማስ ሲደርሱ ገና ሻንጣዎን ሳይፈቱ አንድ ነገር ያድርጉ። ከእያንዳንዱ ታንክ የታችኛው ቫልቭ ግማሽ ሊትር ያህል ናፍጣ በነጭ ብርጭቆ ዕቃ ቀድተው፣ የታንኩን ቁጥር ጽፈው፣ ሌሊቱን ሳይነካ ያሳድሩት። ጠዋት ናፍጣው ከላይ እስከ ታች ጠርቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ጥሩ ነው። ከታች ውሃ ከለየ፣ በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይም ቡናማ፣ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ፣ ሲያነሡት እንደ ክር የሚሳብ ነገር ካገኙ፣ ታንኩ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ተራብተዋል። እነርሱ የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ነው፤ የሚመገቡት ናፍጣውን ነው። እንዲህ ያለ ታንክ መድኃኒት ተጨምሮበት ብቻ አይታለፍም፤ ክዳኑ ተፈትቶ፣ ሰው ገብቶ ወይም እጅ ደርሶ፣ ግድግዳው ተጠርጎ መጽዳት አለበት። ሰው የሚገባ ከሆነ አየሩ መለካት አለበት፤ የተዘጋ ታንክ ውስጥ ኦክስጅን አልቆ ብዙ ሠራተኛ ሞቷልና፣ በዚህ ጉዳይ ማንም እንዳያጣድፍዎት።

ወደብ ላይ ዝቃጩ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ሞተሩም ከላይ ከላዩ ንጹሑን እየጠጣ ለወራት ያለ እንከን ይሠራል። መርከቡ በወጣ በሁለተኛው ሌሊት ማዕበል ሲነሣ ታንኩ ይናጥና ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊልትሮው ላይ ይመጣል። ሞተሩ የሚጠፋው እንግዲህ መርከቡ እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ በጨለማና በነፋስ ውስጥ ነው። መርከብ ኃይሉን ሲያጣ ጎኑን ለማዕበሉ ሰጥቶ ይጋደማል፤ ከዚያ በኋላ ፊልትሮ ለመቀየር የሚሞክረው ሰው በአንድ እጁ ራሱን ይዞ፣ በሌላው እጁ ከጋለ ቧንቧ አጠገብ ብሎን እየፈታ፣ ናፍጣ የነካው ወለል እያንሸራተተው፣ የገባውን አየር አስወጥቶ ሞተሩን ማስነሣት አለበት። ይህ እንዳይደርስ ሁለት ፊልትሮ ጎን ለጎን ሆነው፣ ሞተሩ ሳይጠፋ በአንድ እጀታ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞርበት አሠራር መኖሩን ያረጋግጡ። በፊልትሮው ራስ ላይ ቫኪዩም ጌጅ (ፊልትሮው ምን ያህል እንደታፈነ የሚያሳይ መለኪያ) መኖር አለበት፤ መርፌው ወደ 10 ኢንች ሳይጠጋ ወደ ንጹሑ ይዙሩና የቆሸሸውን ይቀይሩ። ትርፍ ፊልትሮ በደርዘን ይያዝ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ናፍጣው በሴንትሪፉጅ፣ ማለትም በፍጥነት እየተሽከረከረ ውሃና ቆሻሻ በሚለይ ማጣሪያ አልፎ ወደ ዕለታዊው ትንሽ ታንክ የሚገባበት፣ ሞተሩም ከዚያች ታንክ ብቻ የሚጠጣበት ሥርዓት ነው። ይህ ያለው መርከብ ለሚቀጥለው አንድ ቀን ሙሉ የሚበቃ ናፍጣ አስቀድሞ አጣርቶ፣ አይቶና አስቀምጦ ይጓዛል።

የሞተር ክፍል እሳትም ከናፍጣው ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ከፖምፓው ወደ ኢንጀክተር ከሚሄዱት ባለ ከፍተኛ ግፊት ቧንቧዎች አንዱ በጥቂቱ ቢሰነጠቅና የሚረጨው ናፍጣ የጋለ ተርቦ ወይም ጭስ ማውጫ ላይ ቢያርፍ ወዲያው ይቀጣጠላል። የጭስ ማውጫው መጠቅለያ ቀዳዳ እንዳይኖረው፣ ቧንቧዎቹም እየተንቀጠቀጡ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ በየፈረቃው በእጅ ባትሪ ይመርምሩ።

የመርከቡ ሚዛን የካፒቴኑ ጉዳይ ቢሆንም፣ ሕይወትዎ በውስጡ ስላለ የመጠየቅ መብት አለዎት። ትሮለር ሲሠራ ክብደቱ የተሰላው ከነዊንቹ፣ ከነመረቡ፣ ከነበረዶውና በሆዱ ከሚሞላው ዓሣ ጋር ነው። ይህ ሁሉ ወጥቶ በላዩ ላይ መኝታ ክፍልና ሳሎን ሲገነባበት የክብደቱ መሐል ወደ ላይ ይወጣል። በጉዞው ላይ ደግሞ ከታች ያለው ናፍጣ እያለቀ ሲሄድ ይህ ይብሳል፤ በግማሽ የተሞላ ሰፊ ታንክ ውስጥ ያለው ፈሳሽም መርከቡ ባዘነበለ ቁጥር ወደዚያው ወገን እየሮጠ ዝንባሌውን ያባብሳል። ስለዚህ ብዙ ታንኮችን በግማሽ ከመተው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሻገር ይሻላል። ከለውጡ በኋላ የማዘንበል ሙከራ (መርከቡን ሆን ብሎ በጥቂቱ አዘንብሎ የክብደቱን መሐል መለካት) ተደርጎ አዲስ የሚዛን መጽሐፍ ተዘጋጅቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልተዘጋጀ፣ በግልጽ ልናገር፣ አይሂዱ።

ውሃ የሚገባባቸውም ቀዳዳዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1974 «ጎል» የተባለችው ትልቅ የእንግሊዝ ትሮለር ከኖርዌይ ሰሜን በማዕበል ውስጥ ከነ36 ሰዎቿ ጠፍታ፣ ለዓመታት ስለ ስለላ ብዙ ሲወራባት ቆይቷል። ፍርስራሿ ከተገኘ በኋላ የተካሄደው ምርመራ በ2004 የደረሰበት መደምደሚያ፣ የዓሣ ተረፈ ምርት የሚጣልባቸው የጎን መውጫዎች ክፍት ሆነው ባሕሩ በእነርሱ ገባ የሚል ነበር። ቀድሞ ዓሣ ያጠምድ በነበረ መርከብ ላይ እንዲህ ያሉ መውጫዎች፣ የድሮ ቧንቧዎችና ክዳኖች ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ወስደው እያንዳንዳቸው የሚዘጉ መሆናቸውን በእጅዎ ይሞክሩ። በመርከቡ ወለል ጠርዝ ያሉት የውሃ ማፍሰሻ በሮች ግን በተቃራኒው መከፈት አለባቸው፤ አንዳንድ ባለቤት ለውበት ብሎ በብየዳ ይዘጋቸዋል፣ ይህም ወለሉን የውሃ ገንዳ ያደርገዋል።

በዚያ መስመር ነፋሱ ከኋላ ስለሚመጣ መርከቡ ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዙ አይቀርም። ብዙ የተለወጡ ትሮለሮች በሁለቱ ጎን ረጃጅም ክንድ ዘርግተው በገመድ ጫፍ ውሃ ውስጥ የሚጎተት የብረት ክንፍ ያንጠለጥላሉ፤ መወዛወዙን በእጅጉ ይቀንሰዋል፣ ነገር ግን ፍጥነት ስለሚቆርጥ የናፍጣ ሒሳቡ ውስጥ ይግባ። የጉዞው ወርም ይጠየቅ፤ በካሪቢያን የሐሪኬን ወቅት እ.ኤ.አ. ከሰኔ እስከ ኅዳር ማለቂያ ነውና ይህ ወቅት ሳያልቅ የሚነሣ መርከብ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። እኛ ክረምት ላይ ስንሆን የአረብ ባሕር በደቡብ ምዕራብ ነፋስ እንደሚናወጥ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ውቅያኖስ የሚገባበትና የማይገባበት ወር አለው።

ስንት ሰው እንደሚሳፈርም ይወቁ። ጥሩው አሠራር አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ማረፍ ሲሆን፣ ለዚህ ፈረቃ መያዝ የሚችሉ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። መካኒኩ ብቻውን ስለሆነ «ሁልጊዜ ተጠባባቂ» ይሆናል የሚሉ ካሉ አይቀበሉ፤ ዓለም አቀፉ ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት የሚያዘው እንቅልፍ ያጣ ሰው በሞተር ክፍል ውስጥ አደጋ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባሕሩ ሆድዎን ቢያውከው አይፈሩ፤ በሶ ይዘው ይሂዱ፣ ሌላ ምግብ እምቢ ባለ ጊዜ ሆድ ውስጥ ከሚረጋው አንዱ እርሱ ነው።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ ልናገር። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ደመወዙ፣ የመርከቡ ባንዲራ፣ የአደጋና የሕክምና መድን እንዲሁም ከሴንት ሉሲያ አዲስ አበባ የሚመልስዎት ትኬት ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ቀጣሪ ወይም ደላላ ለማስቀጠር ከመርከበኛ ገንዘብ እንዳይወስድ ይከለክላል። የዓሣ ማጥመጃ መርከቦች የሚገዙት በሌላ፣ በ2007ቱ ስምምነት ነው፤ የግል መዝናኛ ተብሎ የተመዘገበ መርከብ ግን ከሁለቱም ውጭ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ትሮለር ከእነዚህ በየትኛው እንደተመዘገበ ሳያውቁ አይፈርሙ፤ ፓስፖርትዎንም ለማንም እንዲያስቀምጥልዎት አይስጡ። በባሕር ላይ ሕይወትን ማትረፍን፣ እሳት ማጥፋትን፣ የመጀመሪያ ርዳታንና የግል ደህንነትን የያዘውን መሠረታዊ ሥልጠና ሳይወስዱ ግን መነሣት አይገባም። ለዚህ ሩቅ አይሄዱም፤ ከገላን በዚያው መንገድ ወርደው ቢሾፍቱ ባቦጋያ ያለውን የማሪታይም አካዳሚ ይጠይቁ። መዋኘት የማይችሉ ከሆነ እዚያው ቢሾፍቱ ይማሩ።

ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ ላሉት፣ የፍጥነቱ መልስ፣ የናፍጣ መዝገቡና የሚዛን መጽሐፉ አጥጋቢ ሆነው ከተገኙ ይሂዱ እላለሁ፤ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ለእንዲህ ያለ መርከብ ትልቅ ሀብት ነው። እስከዚያው ጋራዥዎ ውስጥ መለማመድ ይችላሉ። ከሚጠግኗቸው አንዱን ኤንቲ 855 ጄኔሬተር ባለቤቱን አስፈቅደው፣ በፕራይም ቁጥሩ ውስጥ ባለ የማይለዋወጥ ጭነት ለ72 ሰዓት ሳያጠፉ ያሠሩት። ከአንድ ረዳት ጋር በአራት አራት ሰዓት እየተፈራረቁ፣ በየሰዓቱ የዘይት ግፊት፣ የውሃ ሙቀት፣ የጭስ ሙቀት፣ የጭስ ቀለምና የተቃጠለ ሊትር ይመዝግቡ። ሦስቱ ቀን አልቆ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ መብራት አጥፍተው በእጅ ባትሪ ብቻ የናፍጣ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ አየሩን ያስወጡ፣ መልሰው ያስነሡት፤ ያለ ስህተት እስኪሆንልዎት ድረስ ይደጋግሙት። የሰዓት መዝገቡን ፎቶ አንሥተው፣ ከላይ ካሉት ጥያቄዎች ጋር ለካፒቴኑ ይላኩለት።